የሚሸጥ ሮመር

ሰባት ሰዓት አለኝ፤
የምሳውን አይደል፣ የእጅ ነው የምልህ፣
በብስኩት ቆርቆሮ ጥጥ ለብሶ ታያለህ።
ሁለቱ ቆመዋል፤ አንዱ ይቸኩላል፤
አንዱ ካልነቀነቁት ሥራ ይጠላል፤
ሁለቱን አስይዘው ገንዘብ የወሰዱ፣
"ነገ" እንዳሉኝ ነው፣ እንደወጡ ሄዱ።
ዛሬ ያወጣሁት ሰባተኛውን ነው፣
ሮመር፣ ፊቱ ነጭ፣ ጠርዙ የገረጣው፣
ሠላሳ አንድ ዓመት እጄ ላይ የባጀው።

ጎንደር ፒያሳ ወረድኩ፣ ጋሽ ሽባባው ደጃፍ፣
የፖስታ ቤት ሕንፃ ጥላ ከጣለበት ጫፍ።
ባንድ ዓይኑ ብርጭቆ ሰክቶ ይሠራል፣
ሰው ቀርቦ ሰላም ሲል፣ እሱ ጥርስ ይቆጥራል፤
"ዛሬስ ማንን አመጣህ?" ይላል ቀና ሳይል፣
ሰዓት እንደ በሽተኛ፣ "ማን" እንጂ "ምን" አይል።

ገዢው እንዳላማው፣ ያዘዞ ልጅ ነው፣
ባጃጅ የሚነዳ፣ ስልኩን ከመሪው ጎን የሰቀለው።
"ስልክ እያለህ፣ ልጄ፣ ሰዓት ምን ይሠራል?"
"ስልክ ይጠራል፣ አባ፤ ይሄ ዝም ይላል።"

"ኦሪጅናል ነው?" አለኝ፣ ጆሮው ላይ ለጥፎት።
ሻጭ ምን ይቸግረው፣ "አዎ" ማለት ነበር፤
ምላሴ ግን ለምዳለች ሕመምን መዘርዘር፦
መስታወቱ ተቀይሯል፣ አንዴ አይደለም፣ ሁለቴ፤
ማሰሪያው ሦስተኛ ነው፣ የፊተኞቹን የበላቸው ላቤ፤
ዘውዱን የለገሰው የሞተ ሰዓት ነው፤
ሰባት ቁጥር ጎን ያለችው ጭረት
የመርፌ ጠርሙስ ሲሰበር የቀረች ናት፤
ውኃ አይወድም፣ ሐምሌና ነሐሴ ኪስህ ይክረም፤
ጠዋት በሬዲዮ ብታስተካክለው፣ በማግስቱ ሲነጋ
አራት ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቶ ታገኘዋለህ።
"ታዲያ ምኑ የራሱ ነው?"
"ሆዱ" አለ ጋሽ ሽባባው፣ ክዳኑን በቢላ ከፍቶ።

"ለምን ትሸጠዋለህ?"
እጄን አሳየሁት፤ አንጓዬ ከስቷል፣
ማሰሪያው የመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ደርሷል።

ያልነገርኩት አንድ ነው።
ድሬሰር ነበርኩኝ፤ ሌሊቱ የኔ ነው፤
ጣቴ ከሰው አንጓ፣ ዓይኔ ከቀጭኗ ቆጣሪ ላይ፣
ስልሳ፣ ሰማንያ፣ መቶ ሃያ ስቆጥር፣
እሷ እየሄደች፣ ከጣቴ በታች የሚሄደው ሲቀር፣
ቀና ብዬ አይቼ ከመዝገብ አኖራለሁ፦
ወይዘሮ ጥሩዓለም፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ከአሥር።
ስሙን ሳይነግረን ያለፈ ወታደር፣ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ።
ስም ያልወጣለት፣ የሦስት ቀን ልጅ፣ ሊነጋ ሲል።
ሁሉም በዚህ ሰዓት። ሁሉም ከዕድሜያቸው
ሦስት፣ አራት ደቂቃ በኔ እጅ ጎድሎባቸው።
ይህን ምን ብዬ ልንገረው? ጉድለት ነው? ታሪክ ነው?
ዋጋ ይቀንሳል? ወይስ ይጨምራል?
ዝም አልኩኝ።

ስድስት ሺህ አልኩት፤ አራት አለ፤ ሳቅን፤
ጋሽ ሽባባው አስታረቀን፤
በአምስት ሺህ ቆመ፣ እና እስከ ቤት መሸኛ።
ሰዓቱን ተቀብሎ ከስልኩ አስተያየው፣
በሐበሻ የኖረውን በፈረንጅ አዞረው፤
ስድስት ሰዓት ሙሉ ባንድ ትንፋሽ አለፈ፣
አራቷንም ደቂቃ አብሮ ገፈፈ፤
ከሁለተኛው ቀዳዳ ማሰሪያውን ቆለፈ።

ቤቴ ከሆስፒታሉ አጥር ጀርባ ነው።
ባጃጁ እየጮኸ ዳገቱን ወጣው፤
ልጁ መንገዱን ትቶ ክንዱን ነው የሚያየው።
በሬ ላይ ሲያቆመኝ፣ ደስታ ፊቱን ሞልቶ፣
"አራት ደቂቃ ብቻ!" አለኝ እጁን ዘርግቶ።
እውነት መሆኑን ላይ መስዬ አንጓውን ያዝኩት።
ሞተሩ አልጠፋም፤
የሚንቀጠቀጠው ባጃጁ ይሁን፣ የልጁ ደም ይሁን፣ የኔ ጣት፣
አልለየሁትም፤
ቢሆንም ቆጠርኩት።