ጓሳው ሲከፈት

ደብረ ብርሃን፣ ሌሊት፣ ሰባት ሰዓት ሆኗል፤
ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል፤
ጋቢዬን ደርቤ፣ ጣቴን እያሸሁ
አርባ አንድ መስመር ጻፍሁ፣ አርባውን አጠፋሁ።
የቀረው አንዱ መስመር እንዲህ ነው የሚለው፦
«ቅሉን ከአንጎል ለይ፤ አንጎሉን ብቻ ተው።»

ቀላል ትእዛዝ ይመስላል፤ ለሰው ከሆነማ
ስንት ዓመት ተሠርቶ፣ ስንት አገር ተስማማ፤
እኔ የያዝሁት ግን የጭላዳ ጭንቅላት፣
በሰው ልክ የሰፉት ቆብ የሚወልቅበት።

ጎፈሬው ነው ስሙ። ከመንጋው ተለይቶ
በኅዳር ውርጭ ሞተ፣ ገደል ተጠግቶ።
ጠባቂው ሸዋቀና፣ የመሐል ሜዳው ሰው፣
በጆንያ ጠቅልሎ ራሱን አወረደው፤
«ለትምህርት ከሆነ ውሰጂው፤ ግን» አለኝ፣
«ምን ያስብ እንደነበር ስታውቂ ንገሪኝ።»

ራሱ በበረዶ አዲስ አበባ ሄደ፤
ማግኔቱ ሲያጓራ አንድ ቀን አረፈደ፤
ሁለት መቶ ስልሳ ቅጠል ሆኖ ተላጦ
ተመለሰ ፋይል ሆኖ፣ ወደ ግራጫ ተለውጦ።

ለሰው የተሠራውን ኮድ ብጭንበት
የመንጋጋውን ጡንቻ አንጎል ነው አለበት!
ዕድሜ ልኩን ሣር ያኘከ፣ የጎለበተ ጡንቻ፤
ኮዱ ምን ያውቃል? ያየው የሰው ምስል ብቻ።
ከኋላ ደግሞ ቆርጦ አንጎሉን ጎመደው፤
የሚያይበትን ቦታ እንደ ትርፍ ጣለው።
ሳቅሁ መጀመሪያ፤ ሳቄን ሳልጨርስ አፈርሁ፦
እኔስ ስንቱን በራሴ ልክ እየለካሁ ቆረጥሁ?

ስለዚህ በእጅ ጀመርን፤ እኔና ልሳነወርቅ፣
ድንበሩን በነጥብ፣ ቅጠል በቅጠል ስናርቅ፤
እሱ ጠርዝ ጠርዙን፣ እኔ መሐል መሐሉን፤
መብራት ሲሄድ ተቀምጠን፣ እያማን መብራት ኃይልን፤
ሲመለስ ደግሞ ከዜሮ፣ ያላስቀመጥነው ጠፍቶ፣
ልሳነወርቅ ሲራገም፣ ባትሪው ሳይሞላ ሞቶ።

ሥራው እንደ ቦይ ነው፦ አንዱ ላንዱ ያቀብላል፤
ጫጫታውን የሚያጠራ ይቀድማል፣
ያዘመመን የሚያቀና ይከተላል፣
ቀጥሎ ቅሉን የሚለይ፣ ነጩን ከግራጫው የሚከፍል፤
አንድ ቦታ ከደፈረሰ ታች ያለው ሁሉ ይታመማል።

አንድ ቀን አለቃችን መጡና «ቆልፉት!
ለፍታችሁ ለባዕድ? ገዢ አግኝቻለሁ፤ ሽጡት።»

ጓሳ ትዝ አለኝ ያኔ፤ ሸዋቀና ሲነግረኝ፣
«ሣሩ የማንም አይደለም፤ የሁላችን ነው» ያለኝ።
«አያቶቻችን ሲዘጉት ሊከፍቱት ነው፣ ዓመት ቆጥረው፤
ቀኑ ሳይደርስ ያጨደን ይቀጡት ነበር ጠርተው።
ሲከፈት ግን ድሃውም ባለጸጋውም ወርዶ
ይመለሳል ለጣራው፣ ለገመዱ፣ ለጌሳው አጭዶ።»

አልቆለፍሁትም። ከነስሕተቱ አወጣሁት፤
የማይሠራበትንም ቦታ ዘርዝሬ ጻፍሁት፤
ከራስጌው ላይ አንድ ቃል፦ «ውሰድ፤ አሻሽል፤
ያሻሻልኸውን ግን ደብቀህ አትዋል።»

በሦስተኛው ሳምንት እርማት መጣች ከሩቅ፣
ጦጣ ላይ ከሚሠራ፣ ስሙንም ከማላውቅ፦
«ግራና ቀኙን ገልብጠሻል» የምትል አጭር ቃል።
አየሁት። እውነት ነው። ሦስት ወር ሙሉ ተገልብጧል።

ባለፈው ቅዳሜ ወጣሁ ወደ ጓሳ፤
ጉም ነበር፤ መንጋው ከጉሙ ሲነሣ
ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ በሁለት እጃቸው፤
ከእኔ ይልቅ ፊደል ለመምታት ይፈጥናሉ ጣቶቻቸው።
«ታዲያ ምን ያስብ ኖሯል?» አለኝ ሸዋቀና።
ክብደቱን ነገርሁት፣ የእጥፋቱን ቁጥር፤ ሐሳቡን ግን ገና።
ዝም አለ ጥቂት፣ ዱላውን ተመርኩዞ፤
ሌላ ወንድ ነበር ማዶ፣ ጎፈሬውን ነፋስ ይዞ።
«ራሱንስ» አለኝ፣ «መቼ ነው የምትመልሺው?
አካሉን እዚሁ ቀብሬ ነው የምጠብቀው።»

ስመለስ በሌሊት ኮምፒውተሬን ከፈትሁ፤
ከቅሉ እስከ ነጩ ቦዩን ሁሉ አየሁ።
ማስገቢያ አለ፤ ማውጫም አለ፤
መመለሻ የሚል መስመር ግን የለ።