ሰባት ግራም

ሹወይክ። ከመግሪብ በኋላ። ሙቀቱ አርባ ሁለት።
ቸርኬ ግድግዳውን ሞልቶታል፣ የተሰቀለ ይመስል ለሥዕለት፦
ጥቁሩ፣ ብርማው፣ መዳቡ፣ ፊት የሚያሳየው መስታወቱ፣
ባለ አምስት ጣቱ፣ ባለ አሥሩ፣ የሸረሪት ድር አምሳያው፣ ባለ ብዙ ስለቱ።
እኔ ከታች ነኝ፣ ከክሪኩ ጎን፣ ከቅባቱ፤
ዋጋቸውን በቃሌ አውቃለሁ፣ እያንዳንዱን ከነክብደቱ።

መኪናዋ ገና አዲስ ናት፤ የወንበሯ ላስቲክ አልተገፈፈ፣
የጎማዋ ጥቃቅን ፂም እንኳ ገና አልረገፈ።
ከመርከብ በወረደች በሳምንቷ፣ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ሳትሞላ፣
ጫማዋ አልወደድ ብሎ መጣች፣ ሊቀየርላት በሌላ።
ምሻሪ ነው ባለቤቷ፤ ዲሽዳሻው ነጭ፣ ዕድሜው ሃያ አምስት፤
ትናንት መጣ፣ ከትናንት ወዲያ መጣ፣ ዛሬ ሲታከል ማታው ሦስት።

ለጋብቻ እንኳ በእኛ ዘንድ እንዲህ አይቆጠርም ዘር፦
"ጃፓን ነው? ጀርመን? ወይስ አስመስሎ የሠራው ሌላ አገር?
ተቀጥቅጦ ነው የወጣው ወይስ ቀልጦ የፈሰሰ?"
እስከ ሰባት ቤት ወረደ፤ አለቃዬ አቡ ከሪም ምሎ ምሎ ጨረሰ።
ፎቶ አነሣ። ላከ ለጓደኛ፣ ለአጎት ልጅ፣ ለታላቅ እኅቱ፤
እኅቱ በድምፅ መለሰች፣ ሣቋ ጋራዡን ሞላው፦ "የሻይ ሰሐን ይመስላል ጥለቱ!"
ወርቃማውን አስገጥሞ አየ። ራቅ አለ፣ ቀረብ፣ በርከክ።
"ፍታው።" ፈታሁ። ጥቁሩን አሰርኩ፤ ላቤ ጠብ ሲል ከክሪክ።
ሹፊቅ ቡሎኑን ያቀብለኛል፣ እየቆጠረ በራሱ ቋንቋ፤
አራቴ አስረን አራቴ ፈታን፤ ጎረቤት ያለው ሱቅ መዝጊያውን አወረደ እያንቋቋ።

ያኔ ነው ዞር ያለው። "ያ ዑመር" አለኝ። (ይመር ነኝ፤
ስሜን ፈትተው ሌላ ገጠሙልኝ፤ ሮጠ፣ አልከፋኝ።)
"አንተ ብትሆን የትኛውን ትመርጣለህ?"

ስድስት ዓመቴ ነው እዚህ። አልጋ አልመረጥኩም፣ ላይኛው ደረሰኝ።
ፓስፖርቴም የሚተኛበትን መሳቢያ ሲመርጥ አላማከረኝ።
"ትመርጣለህ" የሚለው ቃል ከአፉ ወጥቶ ተንከባለለ፣
እንደ ወደቀ ቡሎን፣ እግሬ ሥር ደረሰና ዝም አለ።

እጄን በጨርቅ ጠረግሁ። ግድግዳውን እንደ ባለገንዘብ አየሁ።
መዳቡን ወደድኩ፣ የባሕሩ ጨው በዓመቱ እንደሚበላው እያወቅሁ።
ሃያ ሦስት ኢንቹ ያስፈራል፤ ጎማው ስስ ነው እንደ ቂጣ፣
ጉብታ ላይ ሲያርፍ ከንፈሩ ይሰነጠቃል፤ እጄ ላይ ስንቱ መጣ።
ሐርቡ ላይ፣ በጅቡቲ መንገድ፣ ሙያ ያስያዘኝ ጎሚስታ፣
"ጎማው ለመንገድ፣ ቸርኬው ለመንደር" ይል ነበር፣
ካላማዳሪ በውኃ ሲፈትን ጠዋት ማታ።

በጣቴ ያሳየሁት ግን ከግድግዳው አልነበረም፤
ጥግ ላይ የተነባበሩትን ነው፣ ይዛቸው የተወለደችውን፤ ጭረት እንኳ የላቸውም።
"እነዚህን" አልኩ።
ሣቀ። ክፉ ሣቅ አይደለም፤ ትከሻዬን መታ መታ አደረገ።
"ወላሂ እንደ አባቴ ነህ" አለና ጥቁሩን አጸደቀ፣ ቁልፉን ፈለገ።

"ቆይ" አልኩት። ባላንስ አልተሠራም። ማሽኑ ላይ አሽከረከርኩት፤
የሁለት ሺህ ዲናሩ ዕቃ አንካሳ ነበር፣ በዓይኔ አየሁት።
ሰባት ግራም እርሳስ ቆረጥኩ። የጥፍር ያህል፣ ግራጫ፣ መልክ አልባ፤
ከጥቁሩ ጣቶች ኋላ፣ ከፍሬኑ ጎን፣ ዓይን ከማይደርስበት ገባ።
እንደገና ዞረ።
ዜሮ። ዜሮ።

ሄደ። በአራተኛው ቀለበት መንገድ መብራቱ ቀይ ክር ሆኖ ጠፋ።
አሁን በመቶ ሠላሳ ይነዳል፣ በሁለት ጣት መሪ ይዞ፣ ደረቱን ነፋ።
"አመራረጤን አየህ?" ይለዋል ጓደኛውን፤ መሪው አይንቀጠቀጥም፣ ቀጥ ብሎ፤
ሰባቱ ግራም አብሮት ይዞራል፣ ሳይታይ ተንጠልጥሎ።

እኔና ሹፊቅ አራቱን አዲስ "አሮጌ" ቸርኬ ወንበር አድርገን ራት በላን፤
አቡ ከሪም ነገ በስንት እንደሚሸጣቸው ሲያሰላ ሰማን።
ከመነሣቴ በፊት አንድ በአንድ ወለወልኳቸው፤
ምንም ቢሆን፣ የመረጥኳቸው ናቸው።