ደፉን የቆረጥኩ ቀን

እኔ በር ሠሪ ነኝ።
ፍራንኮ፣ ከባጃጆቹ ተራ ጀርባ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ብረት በየድኩ።
አዳማ ላይ ስንቱ ግቢ በእጄ ተዘጋ፣
ስንቱ መስኮት በእጄ ፍርግርግ ለበሰ፣
«ሌባ እንዳይገባ» ላለኝ ሁሉ፣ እንዳይገባ አድርጌ።
«ሰው እንዳይወጣ» ብሎ ያዘዘኝ ግን አልነበረም፤
አምና ክረምት እኔው ራሴን እስካዝዝ ድረስ።

እናቴ ጥሩወርቅ ስልክ ቤት ነበረች፤
ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ፣ ደረቷ ላይ መነጋገሪያ፣
«ናዝሬት፣ አቤት! ከማን ጋር ላገናኝዎ?»
ወንጂን ከድሬዳዋ፣ መተሐራን ከአሰላ፣
ገመድ ስትነቅል፣ ገመድ ስትሰካ
የሰው ደስታና መርዶ በጣቷ ሲያልፍ ኖረ።
አሁን ገመዱ ተምታታባት።
እኔን ስትጠራ ወንድሟ ይሰካል፣
ወንድሟን ስትጠራ፣ ካረፈ ሠላሳ ዓመቱ፣
እኔ «አቤት» እላለሁ።
«አዳማ የት ነው?» ትለኛለች፣ «እኔ ያለሁት ናዝሬት ነው።»
አልከራከራትም፤ ከተማው ራሱ
ስሙን ሁለት ጊዜ ለውጦ አልጠፋም፣
እሷ አንዱን ብታጠብቅ ምን ነውር አለው።

የዚያን ሌሊት፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ
ባጃጅ ነጂው ገመቹ ከቴሌ ደጃፍ አመጣልኝ፤
ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቦርሳዋን ይዛ፣
«ፈረቃዬ አለፈ» እያለች ታለቅሳለች።
እኔም የማውቀውን አደረግኩ፤ ቆለፍኩ።
ሦስት ጣት የሚወፍር መቀርቀሪያ፣ በላዩ ጓጉንቸር።
እስኪነጋ በመዳፏ በሩን መታች፤
«እባካችሁ ልጄን ጥሩልኝ፣
ልጄ በር ሠሪ ነው፤ እሱ ይከፍተዋል» አለች።

ከበሩ ማዶ ቆሜ ሰማሁ።

ሲስተር ኩለኒ፣ ከጤና ጣቢያው፣ ቤቱን ዞራ አየችና
«ሰውየው፣ መጋዘን ነው የሠራኸው» አለችኝ፤
«እስቲ በእሷ ዓይን እየው፤ ጎንበስ በል።»

ጎንበስ አልኩ።
መጀመሪያ ደፉን በግራይንደር ቆረጥኩት፣
አባቴ የረገጠውን፣ ሙሽራ የተሻገረችውን ደፍ፤
ብልጭታው ሲረጭ እጄ ተንቀጠቀጠ፣
እግሯ ግን ከዚያ ወዲህ አልተደናቀፈም።
ጥቁሩን ምንጣፍ አነሳሁ፤ ለካ ለሷ ጉድጓድ ነው፣
ስንት ቀን ጫፉ ላይ ቆማ ስትመለስ
ግትርነት መስሎኝ ተቆጥቻታለሁ።
መስታወቱን አወረድኩ፤
«ይቺ ሴትዮ ቤት የላትም?» እያለች
ሻይ ታቀርብላት ነበር፣ ሻዩ እስኪበርድ።
የሽንት ቤቱን በር ቢጫ ቀባሁት፣
የበሰለ ፓፓያ ልጣጭ ዓይነት ቢጫ፤
ከአልጋዋ እስከዚያ መደገፊያ ብረት፣
ከተረፈ ፍርግርግ፣ ሻካራውን ሞርጄ፤
ሌሊቱን የማትጠፋ ትንሽ አምፖል፣
መብራት ሲሄድ በባትሪ የምትቆይ።
ግቢው ውስጥ የኒም ዛፏን የሚዞር መንገድ አነጠፍኩ፣
መነሻውም መድረሻውም ወንበሯ ነው፤
በዚህ ነፋስ ቀሚሷን ይዛ
ትሄዳለች፣ ትደርሳለች፣ ትቀመጣለች።

አንድ ነገር ልናዘዝ፤
የውጭውን በር ከአጥሩ ጋር አንድ ቀለም ቀባሁት፣
በር መሆኑን ዓይኗ እንዳይለየው።
ይሄ እንክብካቤ ነው ወይስ ሌላ ጓጉንቸር?
እስካሁን አልቆረጠልኝም።
ለባለሱቁም፣ ለጫማ ሰፊውም፣ ለገመቹና ለጓደኞቹም ነግሬያለሁ፤
«ፈረቃዬ ደረሰ» ካለቻችሁ
«ዛሬ እረፍትዎ ነው» በሏት።

በቀደም ከቁራሌው አሮጌ ስልክ ገዛሁ፣
ጥቁር፣ ከባድ፣ ቁጥሩ የሚዞር፤
ገመዱ የትም አይደርስም።
ወንበሯ አጠገብ አኖርኩት።
ማምሻውን ከሥራ ስገባ፣ ጓንቴን ሳላወልቅ፣
እጀታውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ
«ናዝሬት፣ አቤት!» አለች፣ በልጅነት ድምፅዋ፣
«ከማን ጋር ላገናኝዎ?»
«ከእናቴ ጋር» አልኳት።
«መስመሩ ተይዟል፤ ጥቂት ይጠብቁ።»
እየጠበቅኩ ነው።