ሃያ ስምንተኛው ቀን

ሳስካቱን፣ የካቲት፤ ወንዙ ከላይ ደንድኖ፣
ከሥሩ ግን ይሄዳል፣ ድምፁን በውስጡ አፍኖ።
ሌነርድ ኮቫልቹክ ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ይደርሳል፤
ጓንቱን በጥርሱ ያወልቃል፣ ወንበሩን በእግሩ ይስባል።
«ስንተኛችን ነው ዛሬ?»
«ሰባተኛ» እለዋለሁ፤
ክንዱን ያንጋልልልኛል፣ ደም ሥሩን እዳስሳለሁ፤
ስድስት ብልቃጥ ቀድቼ፣ ሰዓት ከነደቂቃው እጽፋለሁ።

«ሰባተኛ!» አለ፣ የድሮ ባልደረባ ስም እንደሰማ፤
አርባ ዓመት ድልድይ ሲያቆም ኖሯል፣ ከዚህ እስከ ሬጂና ከተማ።
«ኮንክሪት ስናፈስ ከዚያው ቡኬት ጥቂት ቀንሰን
በጣሳ እናስቀራለን፣ ቀኑን በጠመኔ ጽፈን፤
በሰባተኛው ቀን አንዱን በመጭመቂያ እንሰብራለን፣
በሃያ ስምንተኛው ሌላውን። የተሰበረበትን ጉልበት እንመዘግባለን።
የጣሳው ኮንክሪት አንድ ብስክሌት እንኳ አይሸከምም፤
እሱ ካልተሰበረ ግን፣ ያንን ትልቁን ማንም አያምንም።»

ይህን ሲል ክንዱን አላየም።
እኔ አየሁት።
ጥጥ ጫንኩበት።

መጀመሪያ የመጣ ዕለት፣ የስምምነቱን ወረቀት፣
አሥራ ዘጠኙን ገጽ፣ ጮክ ብዬ ሳነብለት፣
አንድ ቦታ አለች ሁልጊዜ ጉሮሮዬን የምትይዝ፦
ይህ ምዕራፍ መድኃኒቱ ያድናል ወይ ብሎ አይጠይቅም፤
ይጎዳል ወይ ነው ጥያቄው፣ እስከ ስንት ሚሊግራምስ ይቻላል።
ሌላው ሰው እዚህ ሲደርስ ወደ መስኮቱ ያያል።
እሱ «ድገሚው» አለኝ። ደገምኩት።
እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ አሰመረበት።
«ልክ ነው» አለ፣ «አፈሩ ገና ሳይቆፈር
ስለ ድልድዩ ማማር እኛም አናወራም ነበር።»

ልጁ ዳርያ ናት ያልተዋጠላት። ኮሪደር ላይ ያዘችኝ፦
«አይጦቹ ድነዋል አይደል? ታዲያ ለምን አይዘለልም?
ለምን ሁለተኛ፣ ለምን ሦስተኛ? አባቴ ጊዜ የለውም!»
መልስ ነበረኝ፣ የሥልጠና መልስ፤ አፌ ላይ ደረቀ።
እሱ ከኋላችን፣ የኮቱን ቁልፍ እየቆለፈ፣
ስለ ሬይ ፌርባንክ ነገራት። ጥቅምት ነበር፣ ውርጭ ሲቸኩል፤
አለቃው ሳንቃውን አስነቀለ፣ በዘጠነኛው ቀን፣ «ይበቃዋል» ሲል።
ላዩ ድንጋይ ሆኗል፤ ሆዱ ገና ገንፎ።
ሬይ እታች ነበር፣ ምሳውን ይዞ፣ ምሰሶ ተደግፎ።
ከዚያ ወዲያ አልተረከም።
ዳርያም አልጠየቀችም።

አንድ ጠዋት ተረትኩለት፣ የኛን አገር ተረት፦
ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ አልኩት።
ሳቁ ሳል ሆነበት። ውሃ ሰጠሁት፤ ጠጣና
«ስንቱ ተሰብሮ?» አለኝ።
እንዲህ ብሎ የጠየቀ ከዚያ በፊት አላውቅም፤
ለተሰበሩት እንቁላሎች ተረት የለንም።

በሃያ ስምንተኛው ቀን የራጅ ውጤቱ መጣ።
ዕጢው አልጠበበም። እንዲያውም ሁለት ሚሊሜትር ሰፍቷል።
ጉበቱ ግን ደህና፣ ኩላሊቱ ደህና፣ ልቡ እንደ ሰዓት ይቆጥራል።
ሐኪሟ ሁለቱንም ወሬ በአንድ ትንፋሽ ነገረችው፤
እሱ የኋለኛውን መረጠና
«ተሸከመ ማለት ነው» አላት።

መጠኑ በእጥፍ አደገ።
ዛሬ ሎሬታ ገባች፣ ከሰሜን አራት ሰዓት ነድታ፣
ጫማዋ ላይ የቀረው በረዶ ምንጣፉ ላይ እየቀለጠ።
«ከኔ በፊት የወሰደው ሰው አለ?»
ግማሹን የወሰደ አለ፣ አልኳት።
«ማን?»
ደንቡ አይፈቅድም፤ በመዝገቡ እሱ ቁጥር ሦስት ነው።
በመስኮቱ በኩል ድልድዩ ይታያል፣ አውቶቡስ ተሸክሞ፤
ከተሳፋሪው አንድም ወደ ታች የሚያይ የለም።
ክንዷን ተቀበልኩ። ሰዓቱን ጻፍኩ። ቀኑን ስጽፍ፣
ሳትጠይቀኝ፣ ከየት እንደወጣ ሳላውቀው፣
«ዛሬ» አልኳት፣ «አንደኛችን ነው።»