የስም ወረቀት

የቡ ላይ፣ ከገበያው ጀርባ፣ ቡና ይከማችበት የነበረ ቤት፣
አይጡን አስወጥተን ኖራ ቀባንለት።
በከሰል «ዐውደ ርእይ» ብለን በሩ ላይ ጻፍን፤
ዝናቡ «ርእይ»ን አጠበ፤ «ዐውደ» ብቻ ይዘን ቀረን።

የእኔ ሥራ ቀላል ነው፤ ማርከርና መቀስ፣
ካርቶን መቁረጥ፣ ስም መጻፍ፣ ሙጫ መለወስ።
«የዕቃው ስም»፣ «የሠሪው ስም»፣ «የተሠራበት ዓመት»፣
ሦስት መስመር ነው እንግዲህ፣ ለአንድ ሰው ሕይወት።

ቀድመው የደረሱት ተማም አባ ቦራ ናቸው፤
ባለሦስት እግር በርጩማ እንደ ጥጃ ተሸክመው በጫንቃቸው።
«ከአንድ ግንድ ነው፤ ምስማር አያውቅ፣ ሙጫ አያውቅ፤
በሦስት እግር የቆመ ነገር፣ መሬት ቢጎረብጥም አይወድቅ።»
«ዓመቱስ?» አልኳቸው። «የቱን? ዋንዛው የበቀለበትን?
ወይስ እኔ መጥረቢያዬን የሳልሁበትን?»
ሁለቱንም ጻፍኩ፣ በካርቶኑ ጠርዝ፣ በትንንሽ ፊደል፤
«ከአያቴ እስከ ዘንድሮ» ይላል። ይሁን፣ ምን ይጎድላል?

ፈይሰል ደግሞ አለ፣ ባጃጅ ጀርባ ላይ አንበሳ የሚስለው፤
ሸራ ውድ ነውና፣ የቡና ጆንያ ነው የወጠረው።
የሳላት ላም ሆድ ላይ «ስልሳ ኪሎ» የሚል ማኅተም ይነበባል፤
«ላጥፋው?» ቢለኝ፣ «ተው» አልኩት፤ «ክብደቷ ነው፣ ያምርባታል።»
የነጂባ ሰፌድ ከዴዶ፣ ጠርዙ ሳያልቅ ነው የደረሰ፤
ወስፌው እንደተሰካ፣ አለላው እንደፈሰሰ።

በአራተኛው ቀን፣ ከሰዓት፣ ዱርሲቱ መጣች፤
በኮባ የተጠቀለለ እንስራ ከጀርባዋ አወረደች።
ደፍ ላይ አስቀመጠችው፤ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ።
«ግቢ እንጂ» አልኳት።
«እሱ ይግባ፤ ለእኔ ይበቃኛል የዛፉ ጥላ።»

ያኔ ነው ትዝ ያለኝ የእናቴ ቤት አጥር፣
ከአጥሩ ወዲያ አንዲት ሴት፣ ከመሬት ለቅማ ሳንቲም ስትቆጥር።
ዱርሲቱ ትሁን እናቷ፣ እንጃ።
ድስቱ ገባ፤ ጎመን ቀቀለ፤ ምድጃችን ዳር አረጀ፤
ለእሷ ግን በዚያ ቤት ውስጥ አንድ ዱካ አልተበጀ።

ማርከሬን ከፈትኩ። «የሠሪው ስም?» «ሸክላ ሠሪ በይ፤
ገበያው የሚያውቀኝ በሱ ነው፤ ሌላ ቢጻፍ ማን ሊለይ?»
«አባትሽ ያወጡልሽን» አልኳት። ዝም። እንስራውን አነሳች፣
ሕፃን እንደሚገላበጥ፣ በቀስታ ገለበጠች።
ቂጡ ላይ፣ እሳት ያላጠፋው፣ አንድ የአውራ ጣት ጠባሳ፤
«ይኸውልሽ ስሜ» አለች። «ሃያ ሰባት ዓመት፣ አንድም ቀን ሳልረሳ፣
ፈርሜ ነው የምሸጠው። ማን ገልብጦ ሊያይ?
ሰዉ አንኳኩቶ ይሄዳል፤ ያፈሳል ወይ? ይሰነጠቃል ወይ?»

የመክፈቻው ዕለት፣ የወረዳው ባህል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ መጡ፤
«ይሄ ምነው ተገለበጠ? አቅኑት እንጂ!» ብለው ተቆጡ።
«እንደዚህ ነው የሚነበበው» አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።
ጎንበስ አሉ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ሌላ አልጠየቁ።

ዱርሲቱ ደፉ ጋ ነበረች፤ አንድ እግሯ ውጭ፣ አንዱ ውስጥ።
ተማም «አይቀመጡበት» የሚለውን ወረቀቴን በጥፍራቸው ላጥ
አድርገው ኪሳቸው ከተቱና፣ በርጩማውን መሐል ወለሉ ላይ አኖሩት።
ማንም ምንም አላለም። ባዶውን ቆየ፣ ለጥቂት።
ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ተቀምጣ አገኘኋት፤
የፈይሰልን ላም እያየች ትስቃለች። ሳቋን አልቆረጥኩባት።

ማታ ጅማ ገባሁ፤ ሒርማታ፣ እናቴ ቤት፤
ጓሮ ወጣሁ። ያ ድስት አለ፣ ተሸርፎ፣ ዶሮ ይጠጣበት።
ገለበጥኩት። ጥላሸት ነው፣ የስንት ዓመት ጥላሸት፤
በቀሚሴ ጫፍ አሸሁት፣ በጥፍሬ ፋቅሁት።
እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። ምን እንደምፈልግ አልጠየቀች።
በጆግ ውሃ አመጣችና፣ ቀስ አድርጋ ታፈስልኝ ጀመረች።