የሚረሳ መስኮት

ሻርጃ፣ ከሮላ አደባባይ በስተጀርባ፣
“ታይፒንግ” የሚል ሰሌዳ የሰቀለች ጠባብ ሱቅ፤
ጠዋት በሁለት ሰዓት ከሙቀቱ ሸሽቼ ስገባ
አሮጌ ማቀዝቀዣ ሲያስል፣ ሲንጠባጠብ፣ ሲደርቅ።

አለቃዬ ኩንሂ፣ የኬረላው ሰው፣
“አንድ ብሮውዘር ይበቃል” ይላል ሁልጊዜ፤
“ፈጣኑን ክፈቺው፣ የቀረውን ዝጊው፣
ጽሕፈት ፍጥነት እንጂ አይፈልግም ትካዜ።”

እሺ ብዬ ሞከርኩ። ፈጣኑ ፈጣን ነው፣ ሐሰት አልናገርም፤
ሆዱ ግን አይሞላም።
አሥር ገጽ ከከፈትኩ ሚሞሪውን ጨርሶ
እንደ ለገመ በቅሎ ይቆማል፣ አንገቱን መልሶ።

ሁለተኛው ዐረብኛን ከቀኝ ወደ ግራ አሳምሮ ያነባል፤
የኔን ፊደል ሲያይ ግን ሳጥን ይደረድራል።
“ሀ” ብዬ የጻፍኩት ሳጥን፣
“ለ” ያልኩትም ሳጥን፣
ሙሉ ደብዳቤ፣ በር የሌለው ሰፈር።

የሚኒስቴሩ ቅጽ ደግሞ ከሽማግሌው በቀር ለማንም አይከፍትም፤
በዝግታ ይመጣል፣ ያጉረመርማል፣ ማኅተሙን ግን አይስትም።
ሦስቱንም አስቀመጥኳቸው፣ ለሁሉም እንደ ጠባዩ፤
ኩንሂ ራሱን ወዘወዘ፣ እሺ ይሁን እምቢ አልለየም ጉዳዩ።

አራተኛውን ያስመጣችኝ ዘሃራ ናት፣ የከሚሴዋ ልጅ።
ረቡዕ ቀን መጣች፣ ከአስቤዛ ሃያ ደቂቃ ሰርቃ፤
“ደመወዜ ገብቶ እንደሆን እዪልኝ፣
ደግሞም... አሠሪ እንዴት ይለወጣል?” አለች፣ ድምጿን ደብቃ።
ፈለግኩላት። ከረጢቷን አንጠልጥላ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ እመቤቷ መጣች፣
የመኪና ፈቃድ ልታሳድስ። ያው ወንበር፣ ያው ማሽን።
“ቁጥሩን ራሴ ልጻፈው” ብላ አንድ ፊደል ነካች፤
ማሽኑ ቸኩሎ ጨረሰላት፦
የዘሃራን ስልክ፣
የዘሃራን ጥያቄ፣ በጥሩ ዐረብኛ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ፣ ይሉ ነበር እኛ ዘንድ፤
ከጣት የወጣስ ወዴት ይደርሳል?
መዳፌን ስክሪኑ ላይ ጣልኩ፤
“ቫይረስ ነው፣ እመቤቴ። ይህ ማሽን ያመዋል፣ ይቃዣል።”
አመነች። ወይም ያመነች መሰለች።
ዘሃራን ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

ያን ሌሊት ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ቆየሁ፣
ስሙን ኩንሂ የማያውቀውን አንዱን አወረድኩ፤
መልኩ ግራጫ፣ እርምጃው የታካች፣
የይለፍ ቃል አይዝም፣ “ላስታውስልሽ?” አይልም፣
ሲዘጋ ሁሉን ይረሳል።
ኩንሂ “ይዘገያል” አለ።
“ይዘግይ” አልኩ።

ሰው ወዳጅ ሲመርጥ የሚያስታውሰውን ነው፤
እዚህ ወንበር ላይ ግን የሚያዋጣው የሚረሳው ነው።

አሁን አንዷ ስትነሣ ኤክሷን እጫናለሁ፤
ገጹ ይነጣል፣ እንደታጠበ ሳህን።
የምትቀጥለዋ ላቧን እየጠረገች ትቀመጣለች።
የሚያስታውስ ቢኖር እኔ ነኝ፤
እኔን ደግሞ
ማንም ጠቅ አያደርገኝም።