ወፍራሟ ክር

በካሴቱ ሽፋን ላይ ክርኑ ብቻ ይታያል፤
ዘፋኙ መሃል ቆሞ ጥርሱን ገልጦ ይስቃል።
ከበሮ መቺው አለ፣ ሳክስፎን ነፊው አለ፤
ጋሽ ሙህዬ ከጥግ፣ በመቀስ የተከፈለ።
«ይኼ እኔ ነኝ» ይለኛል፣ በአውራ ጣቱ ነክቶ፣
ክርኑን እንደ መታወቂያ ደጋግሞ አሳይቶ።

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፣ ከልብስ ሰፊው ጀርባ፣
በተሰበረ መስኮት የጦሳ ጉም እየገባ፣
አራት ወንበር፣ አንድ ቤዝ፣ አንድ ያረጀ ማጉያ፤
ይኼው ነው ትምህርት ቤቱ፣ ያለ ስም፣ ያለ ማስታወቂያ።

እኔ ከኮምቦልቻ ነኝ። ቅዳሜ ሀረጎን ስወጣ
ረዳቱ ይነጫነጫል፦ «ለዚህ ሬሳ ሣጥን የሌላ ሰው ሒሳብ ይምጣ!»
ከፈልኩ። ሁለት ወንበር። እኔና አራቱ ክሮች
እየተወዛወዝን ወጣን በመንገዱ መታጠፊያዎች።

የመጀመሪያ ቀን «ምን ትችያለሽ?» ብሎ አልጠየቀኝም፤
«መኪናው ስንት ጊዜ ታጠፈ?» አለኝ። አላውቅም።
«ሂጂ፣ ቆጥረሽ ነይ።» ቤዙን እንኳ አላስነካኝም።
በሳምንቱ ቁጥር ይዤ ስመለስ ሳቀ፤
«ልክ አይደለም፣ ግን ጆሮሽ ነቃ» አለና ማንገቻውን አጠለቀ።

አንዳንድ ቀን መዳፋችንን ግድግዳው ላይ ያስለጥፈናል፤
የሰፊው የይማም መኪና ከወዲያ ይመታል።
«በሦስት ነው በአራት?» ያፋጥጠናል።
ሉባባ «በስድስት» አለች፤
ለካ መኪናው ክር በጥሶ ኖሯል።

እሱ ያልሠራው የለም፤ በቀበሌ ኪነት ካኪ ለብሶ በሰልፍ፣
በፋብሪካ ደመወዝ ቀን፣ ኮምቦልቻ፣ ሌሊቱ እስኪያልፍ፣
ለምርቃት፣ ለቅልቅል፣ ለሬጌ አፍቃሪ ጎረምሳ፣
ዋልስ ለሚጠይቅ ጡረተኛ፣ አንዲት ምት ሳይረሳ።
ስንት ዘፋኝ አለፈበት!
አንዱ ባቲን ሲቸኩል ወርዶ ትንፋሽ ያጠረበት፣
ሌላው አምባሰል ላይ ወጥቶ መውረጃው የጠፋበት፣
እሱ ከሥር ሆኖ መሰላል የሚያቆምለት።

አንዴ ክር ተበጠሰ፣ እኩለ ሌሊት፣ በሰርግ መሃል፤
የሞተር ሳይክል ፍሬን ሽቦ አስሮ እስኪነጋ ተጫውቷል።
ጠባሳው ጣቱ ላይ አለ። «እሱን አልቀረጡብኝም» ይላል።

ደጋግሞ የሚያነሳው ግን የሸዋ በሩን ሌሊት ነው፣
በጭፈራው እኩሌታ መብራት ድርግም ያለውን።
ዘፋኙ ያለ ማይክ ቀጠለ፤ ከበሮው አላቆመም፤
ማሲንቆውም አለ። ምን እንደጎደለ ማንም አላስተዋለም።
እግር ብቻ ግራ ገባው፤ ትከሻ ብቻ ተሳሳተ፤
አንድ ሰካራም ጫማውን እያየ
«ወለሉ የት ሄደ?» ብሎ ተሟገተ።
«ሽልማቴ እሱ ነው፤ ስሙን ባውቅ ቢራ በጋበዝኩት፤
ሠርተፊኬቱንማ፣ ከነማኅተሙ፣ ለአይጥ ተውኩት።»

ዘንድሮ ግራ እጁ አልታዘዝ አለው።
ሪህ ይሁን ስኳር፣ ሐኪሙም አልለየው።
ቤዙን «ሸጥኩልሽ» አለኝ፤ አንድ ብር ተቀበለ፤
አንዷን ብር ሁለቴ ቆጠረ፣ ሳይስቅ፣
እንዳላመሰግነው ይመስለኛል፣ «ሒሳብ ተዘጋ» አለ።

ትናንት ከቤቱ ፊት ለፊት፣ ድንኳን ውስጥ፣ ሰርግ ነበረ፤
የእኔ ጣት፣ የእሱ ክር፤ ጭፈራው አስፋልቱን ተሻገረ።
ይሰማኝ ይሆን? እላለሁ። መስኮቱ ግን ጨለማ።
ሁለተኛው ዘፈን ሲያልቅ አንድ ልጅ፣ በአባቱ ጫማ፣
በሰው መሃል ሾልኮ መጣ፤ ወረቀት ይዟል፣ ከሲጋራ ፓኮ የተቀደደ፤
ፊደሉ ይንቀጠቀጣል፣ መስመር ስቶ የወረደ፦
«ወፍራሟ ረግባለች። አጥብቂያት።»

«ምን ይላል?» አለ ዘፋኙ።
ዝም አልኩት።
መቃኛውን ያዝኩና፣ በእግሬ እየቆጠርኩ፣ አጠበቅኳት።